ከመስኮትህ በታች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለአኩራፊው የእናቴ ልጅ፣

ሰላምታውን ወደ ኋላ አቆይቼዋለሁ፤ ቅር አይበልህ። እየተጣደፍኩ ነው የምጽፍልህ፤ ግን አይዞህ፣ የደስታ ጥድፊያ ነው። ማንም አልሞተም። ወሬው ሌላ ነው። አባባ ወደ አንተ ሊመጣ ነው። አዎ፣ አባባ! የእኛው አባባ፣ ከቤቱ እስከ ፀጉር ቤቱ ካለው መንገድ ሌላ የማያውቀው ሰውዬ፣ አውሮፕላን ሊሳፈር ነው።

ቆይ! ደብዳቤውን እንዳታጥፈው። አውቅሃለሁ እኮ፤ ስልክ ደውዬ የአባባን ስም ባነሳሁ ቁጥር «ኔትወርኩ ተቆራረጠ» እያልክ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት ደግሞ አይቆራረጥም። ይህን የምትሰጥህ ጎረቤታችን ናት፣ ያቺ ፋርማሲ የምትሠራው፤ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ነገ ወደ እናንተ ከተማ ትበራለች። እሱ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ይደርሳል። ሠርግህ ላይ መዝሙር እየተዘመረ ጥሎህ ከወጣ ወዲህ አንድ ቃል እንዳልተለዋወጣችሁ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በሩን ትከፍትለት አትከፍትለት እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም፤ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው። ስለዚህ በሞቴ፣ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከዚያ የፈለግከውን ወስን።

ነገሩ የጀመረው በመዝሙር ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች የመዝሙር መጽሐፋችን እንደ አዲስ ይታተም፣ ከእያንዳንዱ መዝሙር ሥርም ማን እንደ ደረሰውና ከየት እንደ መጣ ይጻፍ ብለው ወሰኑ። የመዘምራኑ መሪ፣ ያ አንተ «አቶ ጸጥታ» ብለህ ስም ያወጣህለት፣ ሥራውን አከፋፈለን። (ዛሬም እንደዚያው ነው። ባለፈው በገዛ ልጁ ልደት ላይ እንግዶቹን «ጸጥታ!» አላቸው።) ለእኔ የደረሰችኝ «ከመስኮትህ በታች» ናት። በድሮው መጽሐፍ ላይ ሥሯ «ደራሲው ያልታወቀ» ይላል፤ እሱን ነው አጣሪ የተባልኩት።

«አንቺ አውቶቡስ ጣቢያ ስለምትሠሪ ሰው ሁሉ ያውቅሻል፤ ማይክ የለመደ አፍም አለሽ» አለኝ። ያመስግነኝ ይስደበኝ እስካሁን አልገባኝም።

መዝሙሯን ታውቃታለህ፤ እየተዘመረች አባባ የወጣባት እሷው ናት። ሚስትህ ግን ምናልባት ካላስታወሰቻት ብዬ ልጻፍላት፦

በሩ ቢዘጋብኝ የት እሄዳለሁ፣
ከመስኮትህ በታች ቆሜልህ አለሁ።
የራስህን ፀጉር በእጄ አውቃለሁ፣
ከዚህ ቤት ስትወጣ አበጥራለሁ።

ሁላችንም እግዚአብሔር ለሰው የሚናገረው ነው ብለን ነው የዘመርናት። እውነቱን ለመናገር የፀጉሩ ነገር ሁልጊዜ ይጎረብጠኝ ነበር። ሰባኪያችን ግን አንድ ሙሉ ስብከት ሰብኮበታል። ፀጉሩ ወንጌል ላይ ተቆጥሯል የተባለው የራስ ፀጉር ነው፤ «ይህ ቤት» ደግሞ ይህ ዓለም ነው፤ ማበጠሩ ከኃጢአት ውጥንቅጥ መፈታት ነው አለ። እንዴት አምሮበት እንደነበር! አቶ ጸጥታ ራሱ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።

በቃ ከሥራ በወጣሁ ቁጥር ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ከድልድዩ ማዶ ያሉት ምእመናን ጋ ነው። እነሱ «የእኛ ናት» ብለው ምለው ተገዘቱ፤ የመጀመሪያው መጋቢያቸው ተራራ ላይ ሲጸልይ ከመልአክ ነው የተቀበላት አሉ። ወደ ባቡር ጣቢያው ጉባኤ ስሄድ ደግሞ ሰዎቹ ሳቁብኝ። «ምን መልአክ አመጣሽ፤ መስኮቱ የእስር ቤት መስኮት ነው፤ አንድ እስረኛ ነው የደረሳት» አሉኝ። ሦስተኛው ቦታ ያገኘኋቸው ሽማግሌ መርከብ ሰጥሞበት የተረፈ መርከበኛ አሉኝ። መርከበኛ ከማን መስኮት ሥር እንደሚቆም ብጠይቃቸው «አንቺ ልጅ፣ እምነት ይጎድልሻል» ብለው ሸኙኝ።

ተስፋ ልቆርጥ ስል አንድ ነገር ልብ አልኩ። መልአክም ይሁን እስረኛ፣ «እሺ፣ እዚህ እናንተ ጋ መጀመሪያ የዘመራት ማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም የሚነግሩኝ ስለ አንዲት ሴት ነው። ከድልድዩ ማዶ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ፣ ባቡር ጣቢያው ጋ አንዲት አስተማሪ። ሁሉም ደግሞ «ያኔ ታማ ከተነሳች በኋላ ነው ያመጣቻት» ይላሉ። ዳቦ ጋጋሪዋም አስተማሪዋም አርፈዋል። እኔ ግን ይህን ሳወጣ ሳወርድ በማግስቱ ጣቢያ ውስጥ ሥራዬን በትክክል የሠራሁ አይመስለኝም፤ የሰሜኑን አውቶቡስ በደቡብ በር አሳፍሬ ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ ሲሰድበኝ ዋለ።

እንደ ምንም ብዬ በሕይወት ያለች አንዷን አገኘኋት፤ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከገበያው በስተጀርባ ነው፤ ጠባብ፣ በጨርቅ ቁራጭ የተሞላ። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ መርፌዎቿን በከንፈሯ ይዛ ነው ያናገረችኝ። መዝሙሯን ስጠራላት መርፌዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው።

«ያኔ እናንተ ቤተ ክርስቲያን ስዘምር፣ እኔ ነኝ ወደ እናንተ ያመጣኋት» አለችኝ። «ከሆስፒታል ነው ያመጣኋት።»

«ከሆስፒታል?»

«ከሴቶች ክፍል። ፎቁ ላይ ነበርን። ሁልጊዜ እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰውዬ ከግቢው መጥቶ፣ ልክ ከመስኮታችን ሥር ቆሞ ይዘፍንልን ነበር። ድምፁን አትጠይቂኝ፤ እንደ በር ማጠፊያ ይጮኻል። ግን አንድ ቀን አልቀረም። ዝናብ ሲሆን እንኳ ጋዜጣ ራሱ ላይ አድርጎ ይመጣል። እኛም ፎጣ እናውለበልብለት ነበር።»

«ማን ነበር?»

«እንጃ። ነጭ ጋውን ስለሚለብስ መጀመሪያ ሐኪም መስሎን ነበር፤ ያበደ ሐኪም። ኋላ ዳቦ ጋጋሪዋ አጮልቃ አየችውና፣ ‘ኧረ ምን ሐኪም! ደረት ኪሱ ላይ ማበጠሪያ ሰክቷል’ አለችን። ስንስቅ የሆዴ ስፌት ሊፈታ ነበር።»

ወንድሜ፣ እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ማበጠሪያ! ነጭ ጋውን! በር ማጠፊያ የሚመስል ድምፅ! «የራስህን ፀጉር በእጄ አውቃለሁ» የሚል ሰው ከጸጉር አስተካካይ ሌላ ማን ሊሆን ነው? ያ ሁሉ ስብከት፣ ያ ሁሉ መልአክና እስረኛ፣ ለካ ሰውዬው የሚናገረው ስለ ፀጉር ነበር! ሴትየዋን ሳልሰናበታት እግሬ አውጪኝ አልኩ። ከገበያው እስከ አባባ ሱቅ ድረስ ሮጥኩ ስልህ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጫማ።

አባባ ጡረተኛውን መምህር እየላጨ ነበር። ግማሽ ፊታቸው አረፋ፣ ግማሹ ጥርት ያለ። በሩን በርግጄ ገብቼ «አባባ! አንተ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ዘፍነህ ታውቃለህ?» ብዬ ጮህኩ። ምላጩ አየር ላይ ቆመ።

ዞር ብሎ አየኝ። ያን ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ምን ልበልህ፣ የሆነ ነገር ሲጠብቅ ኖሮ በሩ የተንኳኳለት ሰው ፊት ነው።

«እሱ ነገረሽ?» አለኝ።

«እሱ ማን?»

«ወንድምሽ ነዋ። በመጨረሻ ነገረሽ?»

አይ፣ አልኩት፤ ልብስ ሰፊ ናት የነገረችኝ። ፊቱ መልሶ ተዘጋ። ምላጩን ጠረገና ወደ መምህሩ ጉንጭ ተመለሰ። እሳቸው ግን በመስተዋቱ ውስጥ እያዩት፣ «ወዳጄ፣ የቀረውን ጢም ነገ ትጨርስልኛለህ፤ አሁን ልጅህን አናግራት» ብለው በግማሽ አረፋቸው ወጥተው ሄዱ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

እንግዲህ ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብለህ አንብበው።

ሳንባህን ታመህ ሆስፒታል የተኛህ ጊዜ እኔን እንዳይዘኝ ብለው አክስታችን ቤት ላኩኝ፤ እማዬም ከሞተች ብዙ አልቆየችም ነበር። ወደ ሕፃናት ክፍል ጠያቂ አይገባም ነበር፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። አንተ ስንት ጊዜ ነግረኸኛል፦ የሌሎቹ ልጆች አባቶች ማታ ማታ ከሥራ ሲወጡ ከግቢው ሆነው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ልጆቻቸውም በመስታወቱ ያዩዋቸዋል፤ የአንተ አባት ግን አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላለም። እኔም ልከራከርህ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም አባባ ስለዚያ ጊዜ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ማታ መምጣት አይችልም ነበር፤ ሰው ከሥራ ወጥቶ ፀጉሩን የሚስተካከለው ማታ ነው። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ፣ ምሳውን ትቶ፣ ጋውኑን እንኳ ሳያወልቅ ነበር የሚሄደው። ዘበኛው ግቢ ድረስ ያስገባዋል፤ ከዚያ ወዲያ ክልክል ነው። አንዲት ነርስ በር ላይ አግኝቶ የልጄ መስኮት የቱ ነው ብሎ ጠየቃት፤ ነገረችው። ከመስኮቱ ሥር ቆመ። ምን እንደሚል ግራ ገባው። «ከደንበኛ ጋር ቀኑን ሙሉ ሳወራ ውዬ፣ ለልጄ የምለው አጣሁ» አለኝ። መጮህም ያሳፍራል። ስለዚህ በዜማ አደረገው። አልሄድኩም፣ እዚህ ነኝ፣ በሩን ስለከለከሉኝ ነው፣ ስትወጣ ፀጉርህን አበጥርልሃለሁ። በቃ ይኸው ነው መዝሙሩ! አባባ እኮ ሊጠይቅህ መጥቶ ነው! ከላይ ፎጣ ሲውለበለብ ሲያይ ነርሷ አንተን ታቅፋ የምታወዛውዝ መስሎት እየፈነደቀ ወደ ሱቁ ይመለስ ነበር። «ልጄ እኮ ፎጣ ያውለበልብልኛል» እያለ ለደንበኛ ሁሉ ያወራ ነበር አለኝ።

ከዚያ አንተ ዳንክና ወጣህ። እንደ ቃሉ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ፀጉርህን አበጠረልህ። እያበጠረ አንድ ነገር እንድትለው ጠበቀ። «ሰምቼሃለሁ» እንድትለው። አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ባለጌ ድምፄ በሌሎች ልጆች ፊት አሳፍሮት ነው ብሎ አሰበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜማ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። ኋላ መዝሙሯ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ደግሞ ማንም ምንም ሳይጠይቀው ከኋላ ወንበር ቁጭ ብሎ ሰማት። «ለምን የእኔ ናት አላልክም?» አልኩት። «መዝሙር መች ነበር? ልጄን ሳናግር ነው ሰዎች የሰሙኝ» አለ።

ሠርግህ ላይ እንግዲህ ያው እሷን ስንዘምር ዓይኑን ሳይነቅል ያይህ ነበር። አሁንስ ትዝ ይለዋል፣ አሁንስ ወደ እኔ ዞር ይላል ብሎ። አንተ ፈገግ ብለህ ታጨበጭብ ነበር፤ እንደ ማንኛውም መዝሙር። መቆም አቃተውና ወጣ። ይኸውልህ፣ ስንት ዓመት ያስኮረፈህ ነገር ይህ ነው።

አሁን አንተ «እኔ ግን ምንም አልሰማሁም» እያልክ መሆን አለበት። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። «አባባ፣ እሱ እኮ አልመጣም ነው የሚለው» አልኩት። «ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ሳለሁ እንዴት አልሰማም ይላል?» ብሎ ተቆጣ። እኔ ደግሞ የምተወው ሴት መሰልኩህ? በማግስቱ ሱቁን አስዘጋሁት፤ ልብስ ሰፊዋንም ከነመነጽሯ ይዤ፣ ሦስታችን ሆስፒታል ሄድን።

ረጅሙ ሕንጻ እንዳለ ነው፤ ቀለሙ ብቻ ተቀይሯል። አባባ ግቢው ውስጥ እንደገባ ሳያመነታ በቀኝ በኩል ሄዶ፣ ከዳር ሦስተኛው መስኮት ሥር ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ገና ቆሞ ስታየው አፏን ያዘች። «እርስዎ ነዎት!» አለች። «ልክ እዚያው ነበር የሚቆሙት!»

«የልጄ መስኮት ነው» አላት።

«የእኛ መስኮት ነው እንጂ» አለች።

ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ የነርሶች አለቃ በዚያ ሲያልፉ አስቆምኳቸው። የሕፃናቱ ክፍል ድሮ የት ነበር አልኳቸው። ጭራሽ ሳያስቡ በግራ በኩል ወዳለው ሌላኛው ጫፍ ጠቆሙ፤ ከሥሩ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ሲጮህ የሚውልበት። መስኮቶቹም ብርድ እንዳይገባ ተዘግተው ነው የሚውሉት፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ መጋረጃ ይጋረድና ልጆቹ ይተኛሉ አሉ። ይህ በቀኙ ያለው ከድሮም የሴቶች ነው።

አባባ ሁለት እጆቹን አንስቶ አያቸው። «ነርሷ እዚያ በሩ ላይ ነበር የቆመችው» አለ፤ «ፊቷን ወደ እኔ፣ ጀርባዋን ለሕንጻው ሰጥታ። በግራ በኩል፣ ከዳር ሦስተኛው አለችኝ።» 

ገባህ? ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ «በግራ በኩል ትንሽ አንሳልኝ» ሲለው የራሱን ግራ ማለቱ ነው። አባባ ደግሞ በሁለቱ ጆሮዎቹ በኩል ያለውን ፀጉር ሊያስተካክል ፊት ለፊቱ ስለሚቆም፣ «ግራ» ሲሉት እጁ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነው የሠራው፤ ሳያስበው የሚያደርገው ነገር ነው። ነርሷ ግን ሰውየው እንዳይቸገር ብላ ቀድሞውኑ የእሱን ግራ ነበር የነገረችው። እሷ አዞረችለት፤ እሱ መልሶ አዞረው። ጸጉር አስተካካይ ባይሆን ኖሮ ትክክለኛው መስኮት ሥር ይቆም ነበር።

እኔ ሳቄ መጣ። ይቅር በለኝ፣ ከደስታ ነው። መጥቷል እኮ! በየቀኑ መጥቷል! ይህን ልነግርህ ቸኩዬ ስልኬን ከቦርሳዬ እያወጣሁ ነበር። ያኔ አባባ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ታዲያ ልጁ ብቻውን ነበር?» አለ።



«ያን ሁሉ ጊዜ ማንም አልመጣለትም ማለት ነው?» አለ ደግሞ። ከዚያ እዚያው የአበባው መደብ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አባባን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ እማዬ ስትሞት እንኳ ከእኛ ተደብቆ ነው ያለቀሰው። 

ልብስ ሰፊዋ አጠገቡ ተቀመጠች። «እኛ ግን ሰምተንዎታል» አለችው። «እዚያ ክፍል ውስጥ የሞተ ልጅ ወልደን የተኛን ነበርን። እኔ ቤቴ መመለስ አልፈልግም ነበር። በሩ ቢዘጋብኝ የት እሄዳለሁ ሲሉ እግዚአብሔር ነው የላከዎት አልኩ። ሁላችንም ያሰብነው እንደዚያ ነው። ለዚህ ነው ስንወጣ ወደየቤተ ክርስቲያናችን ይዘናት የሄድነው።»

አባባ እጇን ያዛት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ ከልቡ ነው ያለው። እጇን ሳይለቅ ግን፣ «እሱ እኮ በጣም ትንሽ ልጅ ነበር» አለ።

እንግዲህ ወሬው በማግስቱ ከተማውን አዳረሰው። አቶ ጸጥታ ሲሰማ ዘሎ ከወንበሩ ወደቀ፤ አልዋሸሁህም፣ ወንበሩ ተሰብሯል። ሰባኪያችን ራሱ ሱቁ ድረስ መጥቶ ፀጉሩን ተስተካከለ፤ «ስብከቴን አልለውጥም፤ ይልቅ እጨምርበታለሁ» ብሎ ሳቀ። ባቡር ጣቢያዎቹ ብቻ አሁንም እስረኛውን አንለቅም እያሉ ነው። ሽማግሌዎቹ እሑድ ጉባኤው ፊት አቁመው ሊያከብሩት፣ ስሙንም መጽሐፉ ላይ ሊጽፉት ፈለጉ። አባባ ግን እንቢ አለ። «የተላከለት ሰው ጋ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ምኑን ትጽፉታላችሁ? መጀመሪያ ልጄ ጋ ልሂድ» አላቸው። ስልክ ደውልለት አልኩት። «በስልክ ዝም ሲለኝ ፊቱን አላየውም» አለ። በቃ መዘምራኑ ተሰብስበን ትኬቱን ቆረጥንለት።

አሁን ቤቱ ጭንቅንቅ ብሏል፤ እንድትስቅ ልንገርህ። መቀስ በእጅ ሻንጣ አይገባም ስለው፣ «ሐኪም ያለ መሣሪያው ይሄዳል?» ብሎ ተጣላኝ። ኮቱን ሦስቴ አስተኮሰኝ። ስለ ልጅህ ደግሞ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ፀጉሯ በዝቷል ወይ? እኔም በፎቶ እንዳየሁት በዝቷል ብዬዋለሁ፤ እባክህ እንዳታስቆርጧት። መንገዱ እንዳይከብደው ፈርቼ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። ከሄደ አሁኑኑ ይሂድ፣ ለከርሞ አታቆዩት አለኝ። እሱን ተወው፤ ሐኪሞች ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው።

ሚስትህን ጉንጮቿን ሁሉ ሳምልኝ። ልጅህን አምላክ በጤና ያሳድግልህ፤ ደጃችሁ ከሰው አይጉደል፤ እንጀራችሁን ይባርክ፤ አንተንም ያን ያኮረፈ ፊትህን ፈትቶ በደስታ ያገናኘን። አክስታችንም እንደዚሁ መርቃሃለች፤ ረጅም ነው፣ ወረቀቱ አይበቃኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፣ አፈር ስሆን። ያ ሰውዬ እቤትህ ገብቶ ሲቀመጥ ምን እንደሚል አያውቅም። ስለ መንገዱ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ በረራው ምግብ ያወራልሃል፤ ከዚያ ያልቅበታል። ያኔ እንዳዘነ አይተህ «ሰምቼህ ነበር» ብለህ እንዳትዋሸው፤ እንዳልሰማህ አውቆታል። «አባባ፣ አልሰማሁህም ነበር፤ አሁን ዝፈንልኝ» በለው። ያቺን መዝሙር ከተማው ሁሉ ለሙሽራውም ለሬሳውም ዘምሯታል። ለተሠራችለት ልጅ ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልተዘመረችለትም።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። አደራህን።

የምትወድህ እህትህ፣
ባለ ማይኳ